የቡና አበባና የንብ ትውስታ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦ ዙሪያ ቡና ደረቁን ወራት በእንቡጥ ያሳልፋል። ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ በኋላ ነጭ ለብሶ ያውዳል፤ አበባው ግን ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው።

አረቢካ ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው ያስገኙት በመሆኑ ክሮሞዞሙ 44 ነው፤ የሌሎቹ 22 ነው። በራሱ ብናኝም ፍሬ ይይዛል። ታዲያ ንብ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ሆኖም ዴቪድ ሩቢክ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው የፓናማ ጥናት፣ ንብ የጎበኘው አረቢካ ምርቱ ከ50 በመቶ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ማባበያው ነው። በአበባው ወለላ ውስጥ ካፌይን አለ፤ መጠኑ ግን ንቧ ምሬቱን ከምትለይበት በታች ነው። ጄራልዲን ራይትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንዳመለከቱት፣ ካፌይን ያለበትን የስኳር ውኃ ከቀመሱት ንቦች መካከል የተማሩትን ሽታ ከ24 ሰዓት በኋላ ያስታወሱት ካፌይን ካልቀመሱት በሦስት እጥፍ በልጠዋል። በቅጠል ላይ ተባይ የሚከላከለው ንጥረ ነገር በአበባ ላይ ደንበኛ ያፈራል ማለት ነው።

የፓናማው ቁጥር ግን ለጅማ በውሰት ሊያገለግል አይገባም፤ እዚህ ቡናው በትውልድ አገሩ፣ ንቡም እንዲሁ ነው። በአበባ ሰሞን ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ከማሩ ሌላ ምን ያህል ቡና እንደሚያጣ የሚለካው በቦታው ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከአንዱ ዛፍ አንዱን ቅርንጫፍ ሳይፈነዳ በስስ መረብ መሸፈን፣ ሌላውን ክፍት መተው፣ ኋላም የያዙትን ፍሬ መቁጠር። ሦስቱ ቀናት ካመለጡ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዝናብ መጠበቅ ነው።