ፍሬን ሲረገጥ የሚርገበገብ ፒክአፕ፤ ምርመራውና የዲስክ አለዋወጡ

ስለ ዘርና ስለ አፈር በምናወጣቸው ጽሑፎች መካከል የመኪና ፍሬን መግባቱ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ሆኖም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከገበሬው ማሳ የሚደርሰው በፒክአፕ ነው። መንገዱም ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚያቆለቁል፣ ከዚያም በአምባሰል በኩል ውጫሌን አልፎ ወደ መርሳ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሹፌሮችና መኪና እንዲጠብቁ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ሁሉ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን የራሳችን ጥፋት ነው። አንድ ክረምት የእኛው ፒክአፕ 8 ኩንታል የጤፍ ዘር ጭኖ ወደ ሐይቅ ሲወርድ መሪው በሹፌሩ እጅ ውስጥ ይርገበገብ ጀመር። ይህ ምልክት ከመታየቱ በፊት ዲስኮቹን ሁለት ጊዜ በቶርኖ አስልጠናቸው ነበር፤ ውፍረታቸውን ግን አንድም ቀን አልለካንም። ቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ የፍሬኑ መርገጫ ለስልሶ ወደ ታች ሰመጠ። ሹፌሩ ማርሹን ወደ አንደኛ መልሶ፣ መኪናውን በተራራው በኩል ባለው ቦይ ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ሰው አልተጎዳም። ዘሩ ግን በዝናብ ራሰ። በኋላ ሲለካ አንደኛው ዲስክ ከተፈቀደው ወሰን በታች ሆኖ ተገኘ።

በመጀመሪያ መርገብገቡ ከፍሬን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍሬን ሳይነካ በፍጥነት ጊዜ የሚርገበገብ መኪና ጉድለቱ ከጎማ ሚዛን፣ ከተጣመመ ቸርኬ ወይም ከላላ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በአካባቢያችን በክረምት የሚያጋጥም ሌላ ምክንያትም አለ። የዋልካ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተጣብቆ ይደርቅና የጎማውን ሚዛን ያፋልሳል። እኛ ራሳችን መካኒክ ከጠራን በኋላ ነገሩ በእንጨትና በአንድ ባልዲ ውኃ ያለቀበት ጊዜ አለ።

መርገብገቡ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ የሚሰማበት ቦታ ይጠቁማል። መሪው ከተርገበገበ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ዲስክ ነው፤ መቀመጫውና ወለሉ ከተንቀጠቀጡ የኋላ ታምቡር ይጠረጠራል። ለመለየት ሰውና መኪና በሌለበት ደረቅና ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተነዳ፣ የእጅ ፍሬኑ ቁልፉ እንደተጫነ ቀስ ተብሎ ይሳብ። የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በኋላ ታምቡር ላይ ከሆነ፣ መንቀጥቀጡ በዚህ ጊዜ ከታየ ጥፋቱ ከኋላ ነው። ጎማ እንዳይንሸራተት የሚከላከል መሣሪያ ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች በጠጠር ላይ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ መርገጫቸው እግርን ይመታል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ብዙ ሰው ዲስኩ «በሙቀት ጠመመ» ይላል። በአብዛኛው የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ዲስኩ በሞዞው ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ሲዞር በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ፍሬን ባልተረገጠበት ጊዜም አንደኛው ጎኑ ሸራውን እየነካ ይሄዳል፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል። ሸራው ወፍራሙንና ስሱን በየተራ ሲያገኝ መርገጫው ይመታል፣ መሪውም ይርገበገባል። የመወላገዱ መነሻ በሞዞው ላይ ያለ ዝገት ወይም ዳዶዎች ያለ እኩልነት መጥበቃቸው ነው። ቁልፉ ላይ ቆሞ በእግር ማጥበቅ በየመንገዱ የሚታይ መጥፎ ልማድ ነው። የጋለ ዲስክ ይዞ ወንዝ ውስጥ መግባትም ይጎዳዋል።

ለምርመራ መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ከሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። ጎማው ከወጣ በኋላ የዲስኩ ውፍረት ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በስምንት ቦታ በማይክሮሜትር ይለካ። በወፍራሙና በስሱ መካከል ያለው ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ በእግር ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ በዓይን ፍርድ መስጠት አይቻልም። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ብዙውን ጊዜ 23 ሲደርስ ይጣላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቁልቁለቱን ሙቀት የሚሸከመው ያ ብረት ነው። ስስ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል፣ ውኃ የጠጣ አሮጌ ዘይት ደግሞ ይፈላል። በእኛ መኪና መርገጫው የሰመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲለወጥ የግራና የቀኙ ዲስክ አብሮ፣ ሸራውም ከዲስኩ ጋር ይለወጥ። የፍሬን ፒስተኖቹን የያዘው አካል ከተፈታ በኋላ በሽቦ ታስሮ ይንጠልጠል እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። በቅርብ ዘመን ፒክአፖች ዲስኩ ከሞዞው ላይ እንዲሁ ይወጣል። በአሮጌዎቹ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክሶች ግን ከሞዞው ጀርባ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ሞዞው ከነኩሽኔታው መውጣት አለበት። ይህን ጊዜ ኩሽኔታው ታጥቦ በአዲስ ግራሶ ይሞላ፣ የዘይት መከላከያ ጎማውም ይለወጥ፤ የኩሽኔታውን ጥበቃ ልምድ ያለው መካኒክ ቢያስተካክለው እንመርጣለን።

ከሁሉ የሚዘነጋው የሞዞውን ፊት ማጽዳት ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ይፈተግ፤ ትንሽ ቅርፊት ከሥር ከቀረ አዲሱም ዲስክ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ አሮጌው ይሆናል። አዲሱ ዲስክ የተቀባው የዝገት መከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ ይጥረግ፤ በናፍጣ አይታጠብ። የሸራው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በአየር አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወገድ። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ሲገፉ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሞልቶ ቀለም እንዳያበላሽ ይታይ። ዳዶዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ በየተራ፣ የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ ይጥበቁ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መርገጫው እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ።

አዲስ ሸራና ዲስክ መላመድ ይፈልጋሉ። ባዶ መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት ከ50 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሃያ ጊዜ ያህል በዝግታ ይቀዝቅዝ፤ በየመካከሉ ነፋስ እንዲያገኝ ይነዳ፤ በጋለ ጊዜ መርገጫው ተረግጦ አይቁም።

የኋላውን ታምቡር ሳያዩ የፊቱን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የኋላ ሸራዎች ካልተስተካከሉ የጭነቱን ኃይል በሙሉ የሚይዙት የፊቶቹ ናቸው። እኛም በመጨረሻ የኋላውን ስንከፍት ሸራው ታምቡሩን ከነካ የቆየ መሆኑን አየን። አሁን መኪናው በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይለካል፤ ቁጥሩም በመኪናው መዝገብ ላይ ከዘይት ለውጡ አጠገብ ይጻፋል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ዝቅ ማድረግ ለሹፌሮቻችን ትእዛዝ ሆኗል፤ ከጭነት በላይ ሰው መጫንም ተከልክሏል።