አረንጓዴው መብራትና የጠፋው ሮስተር

ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ፋይል እንዴት ሊጠፋ ይችላል? እኔም ጥያቄውን በቁም ነገር ያሰብኩበት ለማስተማር ልምምድ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ውስጥ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ከሄድኩ በኋላ ነው።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ ማርክ የሚዘጋበት ሳምንት። ዝናቡ ከተራራው ወረደ፣ መብራት ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ። ባለ አራት ዲስኩ ሰርቨር ተነሣ፤ የአራቱም ዲስኮች መብራት አረንጓዴ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሮስተር ያለበት ፎልደር ግን አልከፈት አለ።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የዲስኮቹን አሠራር እንይ። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ዘዴ «ሬይድ» ብለውታል። በሦስት ዲስኮች ላይ 7፣ 5 እና 4 ተጽፏል እንበል። አራተኛው ድምሩን፣ ማለትም 16ን ይይዛል። 5 ያለበት ዲስክ ቢቃጠል ከ16 ላይ 7ንና 4ን ቀንሰን 5ን መልሰን እናገኛለን። (ማሽኑ የሚጠቀመው በሁለትዮሽ ስሌት ነው፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።)

እንግዲህ ልብ በሉ! በ5 ፋንታ በስሕተት 8 ቢጻፍስ? ድምሩ 19 ይሆናል፤ ስሕተቱም እንደ እውነት ተጠብቆ ይኖራል። የፋይል ሥርዓት ማለት እንደ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለ፣ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚናገር መዝገብ ነው። ካርዱ ተጽፎ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ይዘባረቃል። ዲስኮቹ ምን ቸገራቸው! የዛሬ ሥርዓቶች ለዚህ ሲሉ «ጆርናል» የሚባል ማስታወሻ አስቀድመው ይይዛሉ። ነገር ግን ዲስኩ ጽፌያለሁ ብሎ ገና በጊዜያዊ ማኅደሩ ይዞት ከነበረ ማስታወሻውም አያድንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት እጅን መሰብሰብ፤ በሰርቨሩ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አለመጻፍ። ከዚያ የየዲስኩን ጤንነት «ስማርት» በተባለው መዝገቡ ማየት፣ ዲስኮቹንም አንድ በአንድ በ«ዲዲሬስኪው» ወደ ሌሎች ዲስኮች መገልበጥ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ። እዚሁ እንጦጦ ላይ ያለው ጣቢያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመጠቀችው የመጀመሪያ ሳተላይታችን ምስል ይቀበል ነበር፤ ከነዚያ ምስሎች አንዱ ቢጠፋ የዚያን ቀን መሬት ማን እንደገና ያነሣዋል? ቅጂዎቹ ተሰባስበው ለንባብ ብቻ ይከፈታሉ። «ኤፍኤስሲኬ» የተባለው መርማሪም መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ጉዳቱን ብቻ እንዲናገር ይታዘዛል። ጥገናው የመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም መርማሪው የሚጨነቀው መዝገቡ እንዲጣጣም እንጂ ለልጆቹ ማርክ አይደለም። ያልገጠመለትን ይቆርጣል።

እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ቸኩለን ጥገናውን በዋናው ላይ አስኬድነው። መዝገቡ ንጹሕ ሆነ፤ ፎልደሩም ባዶ። ከፋይሎቹ የተረፉት «ሎስት ፋውንድ» በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ ስማቸው ጠፍቶ፣ ቁጥር ብቻ ሆነው ተገኙ። የሦስቱን ሴክሽን ማርክ መምህራኑ ከወረቀት ላይ መልሰው ሞሉ። የአራተኛው ሴክሽን መምህር ወረቀት አልነበራቸውም። ከእሳቸው ጋር ቁጥር የሆኑትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈትን ሁለት ቀን ፈለግን። የአሥራ አንድ ልጆች ማርክ ሳይገኝ ቀረ፤ ልጆቹም ሐምሌ ላይ ተጠርተው እንደገና ተፈተኑ።