ብዙ ኪሎሜትር የሄደ ባጃጅ እንዴት ይያዛል?
ስለ አብርሃ ጅራ ቆላ የቀረበ አጭር ጥናት

አንድ ያገለገለ ባጃጅ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎሜትር ሄዷል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ከእውነቱ አያደርስም። መሣሪያን የሚያስረጀው የሄደው መንገድ ብቻ ሳይሆን የዋጠው አቧራ፣ የቻለው ሙቀትና ያጣው ተንከባካቢ ጭምር ነው። ስለዚህ 80 ሺህ ኪሎሜትር ሄዶ በደንብ የተያዘ ባጃጅ፣ 30 ሺህ ሄዶ ማንም ካላየው ባጃጅ ሊሻል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳትና ባለንብረቱ ምን ማድረግ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

ይህ ነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ከመካከላችን ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ባጃጅ ሲገዛ እናያለን። ለአዲሱ አቅም ስለማይኖረው ያገለገለውን ይገዛል። ያ ባጃጅ ሥራ በሚበዛበት በሰሊጥ አጨዳ ወራት ሞተሩ ተጣብቆ ቢቆም ገቢው ይቀርና ዕዳው ይቀመጣል። ዕዳውም የአባት በሬ የተሸጠበት ወይም የእናት ጥሪት የፈሰሰበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ነገሩ የብረት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

አብርሃ ጅራን ለምሳሌ የመረጥነው በምክንያት ነው። ከተማይቱ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ወደ ሱዳን ወሰን በሚያደላው ቆላ ትገኛለች። አገሩ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ በመኪና ጎማ ሲፈጭ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ከጎማ ላይ ይጣበቃል። ለትንሽ ሞተር ከዚህ የከበደ ፈተና ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ የሚበጅ አያያዝ በባሕር ዳርም ሆነ በሐዋሳ ይበጃል።

1. የባጃጅ የዘር ሐረግ

ባጃጅን በደንብ ለመያዝ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይረዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ ሕዝቡ ርካሽ መጓጓዣ በፈለገ ጊዜ፣ ቀድሞ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ፒያጆ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ የተባለውን ስኩተር አወጣ። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። ቬስፓ ማለት በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ለጭነት የሚሆን ባለ ሦስት እግር ሠርቶ አፔ፣ ማለትም ንብ፣ ብሎ ሰየመው። ተርቧ ሰው ስታመላልስ ንቧ ዕቃ ተሸከመች።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ስኩተሩንና ባለ ሦስት እግሩን በሕንድ አገር መሥራት ጀመረ። ባጃጅ የቤተ ሰብ ስም ነው፤ የቤቱ መሥራች ጃምናላል ባጃጅ የማህተማ ጋንዲ ወዳጅ ነበር። በእኛ አገር ግን የኩባንያው ስም የመሣሪያው ስም ሆኖ ስለ ቀረ፣ ቲቪኤስ የተባለውን ሳይቀር ባጃጅ እንለዋለን።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። ባጃጅ ሦስተኛ እግር የተጨመረለት ስኩተር ነው። ማርሹ በግራ እጅ ተጠምዝዞ የሚገባው፣ ጎማው ትንሽ የሆነው፣ ሞተሩም ከኋላ ከጎማው አጠገብ የተቀመጠው ስለዚህ ነው። ትንሽነቱ በቀላሉ እንዲፈታና እንዲገጠም አድርጎታል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ሞተሩ የራሱ ጎማዎች በሚያስነሡት አቧራ ውስጥ ይኖራል። ጎማውም ትንሽ በመሆኑ በ1 ኪሎሜትር ውስጥ ወደ 780 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የቤት መኪና ጎማ ግን በዚያው ርቀት ከ500 እምብዛም አይበልጥም። በ100 ሺህ ኪሎሜትር 78 ሚሊዮን ዙር ማለት ነው። ኩሽኔቱ ቶሎ የሚበላው ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ሲገዙ ምን ማየት ይገባል?

ቆጣሪውን ብቻ ማመን አይገባም። ከጎማው ወደ ቆጣሪው የምትሄደው ካቦ ከተበጠሰች ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ ባጃጁ ግን መሄዱን አይተውም። ቆጣሪውን መለወጥም ቀላል ነው። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የፍሬኑን መርገጫ ጎማና የእጅ መያዣዎቹን እንይ። ቆጣሪው ጥቂት እያለ እነርሱ ተልጠው ከተገኙ የሚታመኑት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲነሣ እንጠይቅ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀን የሚሸሽገው ነገር ሊኖር ይችላል። በአራት ምት ሞተር ላይ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጢስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል። አሮጌዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ዘይትን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ጥቂት ሰማያዊ ጢስ ለእነርሱ ተፈጥሯቸው ነው።

ሦስተኛ፣ በእጅ ተስቦ የሚነሣ ከሆነ ማስነሻውን ቀስ ብለን እንሳበው። ሞተሩ ደኅና ከሆነ ምሳቡ ከአንድ ቦታ ሲደርስ ጠንክሮ ይይዛል። ያለ አንዳች መቋቋም የሚሳብ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ወይም ቫልቮቹ ደክመዋል።

አራተኛ፣ ጥቂት ዘይት አውጥተን በሁለት ጣት መካከል እንሸው። የሚቆረቁር ከሆነ አቧራ ገብቶበታል፤ በፀሐይ ሲታይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረቱ እየተበላ ነው።

አምስተኛ፣ ጎንበስ ብለን ወለሉንና የመሪውን አንገት እንመርምር። አዲስ ቀለም በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀባ ከሥሩ የተበየደ ስንጥቅ እንዳለ መጠርጠር ይገባል። ሞተር ይታደሳል፤ የተጣመመ ቻሲስ ግን ዕድሜ ልክ ጎማ ሲበላ ይኖራል።

3. አቧራ፣ ሙቀትና ከፍታ

ወደ 200 ሲሲ የሚጠጋ ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ አየር ይስባል። በደቂቃ 4,000 ጊዜ የሚዞር ቢሆን፣ በሒሳብ ደረጃ በደቂቃ እስከ 400 ሊትር፣ በሰዓት እስከ 24 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። ይህም ርዝመቱና ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱም ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ የመኝታ ክፍላችንን አየር በሙሉ በአንድ ሰዓት መዋጥ ማለት ነው። የአብርሃ ጅራ የበጋ አየር ምን እንደሚሸከም ያየ ሰው የአየር ፊልትሮው ምን ያህል ሥራ እንዳለበት ይረዳል። ፊልትሮው የተቀደደ ወይም ዙሪያው የላላ እንደ ሆነ አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ሲሊንደሩን ይበላዋል። በአቧራ ወራት ፊልትሮውን በየቀኑ አውጥቶ ማራገፍ፣ ሲያረጅ ሳያመነቱ መለወጥ ያስፈልጋል። የፊልትሮ ዋጋ ከሲሊንደር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይሠራል።

ስለ ሙቀት ደግሞ፣ የእነዚህ ሞተሮች ማቀዝቀዣ አየር ነው። ሲሊንደሩን የከበቡት ስስ የብረት ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ ያስረክባሉ። በክንፎቹ መካከል ጭቃ፣ ዘይትና የሰሊጥ ገለባ ሲሞላበት ግን ሞተሩ በ40 ዲግሪ ሙቀት ጋቢ ለብሶ እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በእንጨትና በብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ያሰነጥቃልና መወገድ አለበት።

ሦስተኛው ነገር ከፍታ ሲሆን ብዙ ሰው አያስበውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባጃጁ በደጋ ሳለ አየሩ ስስ በመሆኑ መካኒኩ ካርቡራቶሩን ቤንዚን እንዲቀንስ አድርጎ ያስተካክለው ይሆናል። ያው ባጃጅ ተሽጦ በሳንጃ በኩል ወደ ቆላ ሲወርድ የሚስበው አየር ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ቀድሞው ነው። የቆላው ሙቀት አየሩን በመጠኑ ቢያሳሳውም ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አይሽረውም። በዚህ ምክንያት ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። አዲሱ ባለንብረት «የቆላ ሙቀት ገደለብኝ» ይላል፤ ሙቀቱ ግን ያገኘው ግብረ አበር ያልተስተካከለውን ካርቡራቶር ነው።

የዚህ መመርመሪያ ካንዴላው ነው። ከሠራ በኋላ ወጥቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። እንደ ኖራ ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል። ከደጋ የወረደ ባጃጅ በመጀመሪያው ሳምንት ካንዴላው ይታይ፤ ካስፈለገም በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነው ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ በሰፋ ቀዳዳ ትለወጥ።

4. ቤንዚንና ዘይት

ቤንዚን ሲጠፋ በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠውን መግዛት ግድ ይሆናል። በዚህ ቤንዚን ውስጥ ውሃ፣ አፈር ወይም ላምባ ሊኖር ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ጥቂት አስቀምጦ፣ ላዩን በጥሩ ጨርቅ አጥልሎ፣ የታችኛውን መተው ይጠቅማል። ላምባ የተቀላቀለበት ግን በማጥለል አይለይም፤ በሽታውና በእጅ ላይ ቶሎ ባለመድረቁ ይታወቃል።

ዘይትን በሚመለከት፣ በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው የመለወጫ ጊዜ ሁሉንም መንገድ እኩል አድርጎ እንዳላየ መገንዘብ አለብን። አቧራና ጭነት ሲበዛ ጊዜውን ማሳጠር ብልኅነት ነው፤ በአጨዳ ወራት በግማሽ ቢያጥር አይበዛም። ያረጀ ሞተር ዘይት ስለሚጠጣ ደረጃውን በየማለዳው መለካት ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ደግሞ በችኮላ ቤንዚን ብቻ መቅዳት ሞተሩን በዚያው ቀን ሊገድለው እንደሚችል ሹፌሩ ሁሉ ማወቅ አለበት።

ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲዘጋ ባጃጁ ሥራ ይፈታል። ያን ጊዜ ዘይቱን ለውጦ፣ የካርቡራቶሩን ቤንዚን አፍስሶ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ከጭቃ በላይ በድንጋይ ላይ አስደግፎ ማቆም ይገባል። እንዲሁ የተተወ እንደ ሆነ በመስከረም ሥራ ሲጀመር ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚሄደው ለጋራዥ ነው።

5. ደብተርና ሽርክና

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ያለ አንድ ተራ ደብተር አይጸናም። በደብተሩ ቀኑ፣ ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር፣ የገባው ቤንዚንና ዘይት፣ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው ይጻፍ። ቤንዚን በድንገት መብዛት ሲጀምር ሞተሩ ከመታመሙ በፊት ደብተሩ ይናገራል። ሲሸጥም ለገዢው የሚያሳምን ማስረጃ ይሆናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ የሰው ልብ የረሳውን ወረቀት ይይዘዋል።

በሽርክና ሲሆን ደብተሩ ከዚህም በላይ ይፈለጋል። አምስት ሰዎች በአንድ ባጃጅ ላይ ሲፈራረቁ እያንዳንዱ ዘይቱን ያየው ከእርሱ በፊት የነዳው ይመስለዋል። በቀን ገቢ ተከራይቶ የሚነዳውም ሹፌር ቢሆን ጥቅሙ የዛሬውን መንገድ ማብዛት ነው፤ የነገው ጥገና የባለንብረቱ ነው። ይህን የሰው ክፋት ብለን ብናልፈው አይታረምም፤ የሚታረመው በውል ነው። ማን በየትኛው ቀን ፊልትሮውን እንዳጸዳ ይፈረም፤ ከየቀኑ ገቢም ለጥገና የሚሆን ይቀመጥ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ባጃጁ በቀን 80 ኪሎሜትር፣ በወር 26 ቀን፣ በዓመት 8 ወር ይሠራል እንበል። በዓመት 208 የሥራ ቀንና 16,640 ኪሎሜትር ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተሩን ለማደስ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 30 ሺህ ብር የሚያስፈልግ ቢሆን በየሥራው ቀን 72 ብር ያህል ማስቀመጥ ይበቃል። ዋጋው እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ይህን ሳያስቀምጥ ገቢውን ሁሉ የሚበላ ሰው ትርፍ የበላ ይመስለዋል እንጂ የሚበላው ሞተሩን ነው።

ማጠቃለያ

በአገራችን ባለ እጅን የመናቅ ልማድ ከጥንት የነበረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ምላስን ሊከለክል ቢችልም ልብን መለወጥ ግን የትምህርት ድርሻ ነው። ዛሬም ቢሆን ዲግሪ የያዘ ሰው እጁን ዘይት እንዳይነካው ሲሸሽ፣ መካኒኩም የሚያውቀውን ሳይጽፍ ሲቀር ይታያል። ባጃጁ በመካከል ያረጃል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪ ለአገሩ ልጆች ሊያበረክት የሚችለው ነገር ቅርብ ነው። ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ የባጃጅ ባለንብረት የሆነ ወንድም ወይም ጎረቤት ቢኖረው አንድ ደብተር አስምሮ ይስጠው፤ የአምራቹን መጽሐፍ በአማርኛ ያንብብለት፤ ከመካኒኩም አጠገብ ቁጭ ብሎ ይማር። የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ እኛ ያልነካነውን የኤሌክትሪክ ክፍል በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን አንባቢው ሁሉ ይጠቀማል።