መርዶና እውነት፦ ሥራ ለጀመረች ነርስ

ልጄ፣ በዋርድሽ ውስጥ አንዱ «ከታማሚ እውነት መደበቅ ነውር ነው» ሲል ሌላው «ፊት ለፊት መንገር ጭካኔ ነው» እያለ ግራ እንዳጋቡሽ ነግረሽኛል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። እንዴት እንደምትፈርጂ የማስበውን ልንገርሽ።

1. የሆነውንና መሆን የሚገባውን ለይተሽ ያዢ። «ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል» የሚለውን ምርመራ ያረጋግጠዋል። «ስለዚህ አይነገራቸው» የሚለው ግን ፍርድ ነው፤ ከላቦራቶሪ አይወጣም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1740 ባሳተመው ሥራው፣ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ምክንያት ሳይሰጡ እንደሚሻገሩ አሳይቷል። «ስለዚህ» የሚልሽን ሰው ምክንያቱን ጠይቂው።

2. የሚፈርደው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ እወቂ። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ከበር ላይ ቆሞ «ወዳጅህ ቤት ውስጥ አለ?» ቢል እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ብሏል። ለእሱ ውሸት ጥቅም አመጣም አላመጣ የሰው ልጅን ሁሉ መተማመን ያፈርሳል። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል ደግሞ ድርጊትን የሚመዝነው በሚያስከትለው ደስታና ሥቃይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እውነት ስለመናገር ሲጽፍ፣ ሊፈቀዱ ከሚችሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው በጽኑ ከታመመ ሰው ክፉ ወሬ መሸሸግን ነው። ሆኖም ልዩ ሁኔታው እንዳይሰፋ ድንበሩ በግልጽ ይታወቅ ብሏል፤ ይህን ቃሉን ብዙዎች ይዘሉታል። ግሪካዊው አርስቶትል ከሁለቱም ይለያል፤ እሱን የሚያሳስበው ለማን፣ መቼና እንዴት የሚለው ነው።

3. የራሳችንን መርዶ ደግሞ በደንብ ተመልከቺው፤ አርስቶትል ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ከአጥሩ ውጭ ተሰባስቦ ይጠብቃል። የሚያረዳው ሰው ተመርጧል። ልበ ደካማ ካለ ማን ከጎኑ እንደሚሆን ቀድሞ ተነግሯል። በሩ ሲንኳኳ ኀዘንተኛዋ የመጡትን ፊት አይታ ግማሹን ታውቀዋለች፤ ስትወድቅ የሚደግፋት እጅ አለ። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንም ሥርዓቱን ይዘውት ሄደዋል፤ የኀዘንተኛዋ የዕረፍት ቀን እስኪደርስ ታግሠው ተሰባስበው ቤቷ ይሄዳሉ። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ግን ማን አላት? ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማ ብለው ቤተሰቦቿ ወራት ይሸሽጓታል። ደውላ «እማዬ ደህና ናት?» ስትል «ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታ ነው» ይሏታል።

እዚህ ላይ ነው መለየት ያለብሽ። የሚደግፋት ሰው እስኪገኝ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጠይቃ ሳለ እናቷ በሕይወት እንዳለች ማስመሰል ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ። ሁለተኛው ግን ኀዘኗን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል፤ ከእናቷ ሞት በላይ «ለምን አታለላችሁኝ?» የሚለው ይበላታል። ከዚያ በኋላም የቤተሰቧን «ደህና ነን» አታምንም።

4. «ፈረንጅ ይናገራል፣ ሐበሻ ይደብቃል» አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት፣ ከተጠየቁት መካከል 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ካንሰርን ለታማሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት! ሕክምናው ተሻሻለ፤ ታማሚዎችም መብታቸውን መጠየቅ ጀመሩ።

ስለ እኛም ቢሆን የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጻፈችውን አስቢ። ስደተኞቹ የፈለጉት ክፉው ወሬ መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ተነግሮ፣ እሱ ደግሞ በተገቢው ጊዜና ቦታ ለታማሚው እንዲያደርሰው ነበር። ይህ ከመደበቅ በጣም ይለያል።

5. «ሁሉም እንደየባህሉ ልክ ነው» ብለሽም አትገላገዪ። ታማሚዋ እጅሽን ይዛ ስትጠይቅሽ ይህ መልስ አይሆንም።

6. የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ ይኸው። የሌላ ሰው ሞት መርዶ ለጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል። የታማሚዋ ሕመም ግን የራሷ ነው። ይህን የምለው ከካንት ተምሬ ብቻ አይደለም፤ የእኛው ወግ ራሱ ያስገድደኛል። ሳይናዘዙ መሞትን ወላጆቻችን እንደ ትልቅ ጉዳት ነበር የሚያዩት። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ይጠራል፤ ሙስሊሙ ዕዳውንና አደራውን ለይቶ ይናገራል። እናት ትንሹን ልጇን ለማን እንደምትሰጥ ትወስናለች። «ትድኛለሽ» እያልን ያስተኛናት ሴት ይህን ሁሉ በምን ጊዜ ታድርግ? ልንጠብቃት ብለን የቀረቻትን ጊዜ ወሰድንባት። በደል ነው።

7. ስለዚህ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ቤተሰብም መተላለፊያው ላይ «አደራሽን እንዳትነግሪያት» ሳይልሽ በፊት፣ ታማሚዋን ራሷን ጠይቂ። «ውጤቱ ሲመጣ እርስዎ ይስሙት ወይስ መጀመሪያ ለሌላ ሰው እንንገር? ለማን?» በያት። «ለወንድሜ ንገሩት» ካለች ለወንድሟ ይነገረው፤ ምርጫው የእሷ ነውና። መልሷን ካርዷ ላይ ጻፊው፤ ለሐኪሙም አሳውቂ። ነገ ዋርድ ስትገቢ ከዚህ ጀምሪ።