ጌም ለሚሠራው የእህቴ ልጅ

የሻደይ ሰሞን ቤት መጥተህ፣ ስልክህን አፍንጫዬ ሥር ደቅነህ ያስጫወትኸኝን ጌም አልረሳሁትም። ልጅቱ የሻደዩን ሣር ወገቧ ላይ አስራ በገደል አፋፍ ትሮጣለች፤ ንብ ከኋላዋ ያባርራታል። ሦስት ጊዜ ገደል ከተትኋት፤ አንተም ሳቅህብኝ። ከሁለት ጓደኞችህ ጋር እንደሠራችሁት ነገርኸኝና «የማን ነው?» ብልህ «የሦስታችንም» አልኸኝ። እዚሁ ሰቆጣ ፍርድ ቤት ደጅ በታይፕ ማመልከቻ ስጽፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ከጻፍኋቸው ክሶች ስንቱ «የሁላችንም ነበር» ብሎ እንደሚጀምር እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን አፌ ላይ የመጣውን፣ እናትህ ቡና ስታቀርብ ዋጥሁት። አሁን ልጻፍልህ።

1. ገንዘብ ሳይመጣ ተፈራረሙ።

አንድ ጊዜ ሁለት ባልንጀሮች በቀፎ ተካሰው መጡ። አንደኛው ቀፎ ሰጠ፣ ሌላኛው በጓሮው አኑሮ ጠበቀ፤ ማሩን እኩል ሊካፈሉ በቃል ተግባቡ። ሁለት ዓመት በሰላም በሉ። በሦስተኛው ዓመት ማሩ ነጭና ብዙ ሆነ፤ ነጋዴ ከወልድያ መጥቶ ደህና ዋጋ ጠራ። ጠቡ ያኔ መጣ። «እኩል» የተባለው ማሩ ብቻ ነው ወይስ ንቡም? ከቀፎው ወጥቶ ሌላ ቀፎ የገባው መንጋስ የማን ነው? የሁለቱንም ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በየተራ ነበር የመጡት። በኋላ ሽማግሌ አስታረቃቸው፤ ቀፎው ግን በክርክሩ መሐል ባዶ ቀርቷል።

ኮድም እንደ ንብ ነው፤ ጸሐፊውን ተከትሎ ይሄዳል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና ሥዕል ጥበቃ አለው፤ ጥበቃውም ሥራው ተፈጥሮ ግዙፍነት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ማስመዝገብ ሳያስፈልግ። ስለዚህ ኮዱን የጻፍኸው አንተ፣ ሥዕሉን የሣለው ልጅ፣ ዜማውን ያወጣው ልጅ እያንዳንዳችሁ የያዛችሁት ነገር አለ። መብቱን ለምታቋቁሙት ማኅበር የምታስተላልፉ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ከሌሉት አይጸናም። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ድርሻ ብቻ አይደለም። አንዱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ቢሄድስ? ጌሙ የሚወጣበት የስልክ መደብር አካውንት በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? ዛሬ እየሳቃችሁ የምትመልሱት ጥያቄ ነው፤ የዛሬ ዓመት ግን ላይሆን ይችላል።

2. በደመወዝ የሠራኸውን የእኔ ነው አትበል።

ቴትሪስን የሠራው ሩሲያዊ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ጌሙን የፈጠረው በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ ተቀጥሮ ሳለ ነው። ጌሙ ዓለምን ሲዞር መብቱ በመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር፤ እሱ ከሽያጩ ገንዘብ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የእኛም አዋጅ እንዲሁ ነው፤ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተፈጠረ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ድርጅት ቢቀጥርህ የሻደይዋን ጌም ከመቀጠርህ በፊት እንደሠራኸው በውሉ ላይ አስጽፍ።

3. የጨዋታ ሕግ የማንም አይደለም፤ መልኩ ግን የሰው ነው።

ገበጣን ማን ፈጠረው? አያቶቻችንም አያውቁም። በ1987 የወጣው የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123 የጨዋታ ሕግና ዘዴ ፓተንት እንደማይሰጠው በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ገበጣን በስልክ መሥራት ለሁሉም ክፍት ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ሠርቶታል፤ አንተም ልትሠራ ትችላለህ። የእነሱን ሥዕል፣ ቀለምና ድምፅ ግን አትንካ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቴትሪስን መስሎ በአይፎን የወጣ ጌም ላይ የፈረደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕጉን መውሰድ ይቻል ነበር፤ አቅራቢው ግን መልኩን እንዳለ ገልብጦ ተያዘ።

4. የሻደይ ልጆችን ፊት ሳትጠይቅ አትጠቀም።

ይህን ሳላነሣ አላልፍም። ነሐሴ 16 ወደ አደባባይ የሚወጡት ልጃገረዶች የሚዘፍኑት ዜማ የዋግ ሕዝብ ነው፤ ማንም ቀምቶ ሊያስመዘግበው አይገባም፤ አንተም ጭምር። አንዲት ድምፃዊት በስቱዲዮ የቀረጸችው ግን የእሷና የአሳታሚዋ ነው፤ ከዩቲዩብ አውርደህ ጌምህ ውስጥ ብትጨምረው የሰው ንብረት ወስደሃል። ፎቶ ደግሞ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ክልክል ነው። የጌሙ ልጅ ፊት ከጎረቤታችን ልጅ ፊት ጋር አንድ ነው ስልህ «ከፎቶ ነው የሣልነው» ብለህ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አሥራ ስምንት አልሞላትም። እናቷ ዘንድ ሂድ፣ ጌሙን አሳያቸው፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ተቀበል። እምቢ ካሉ ፊቷን ለውጥ፤ ለሠዓሊያችሁ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፣ መብራት ካልሄደ።

5. የመደብሩን ውል አንብብ።

በአሞሌ ዘመን ጨው ጭኖ ሰቆጣ የሚገባ ነጋዴ ኬላ ላይ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። የዛሬው ኬላ የስልኩ መደብር ነው። ፎርትናይትን የሠራው ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 አፕል ከሽያጩ የሚቆርጠውን 30 በመቶ ላለመክፈል የራሱን መክፈያ ጌሙ ውስጥ አስገባ። አፕል በዚያው ቀን ጌሙን ከመደብሩ አወጣው፤ ኤፒክም ከሰሰ። በቀጣዩ ዓመት ዳኛዋ ለተጫዋቾች ሌላ መክፈያ መኖሩን መናገርን አፕል እንዳይከለክል አዘዙ፤ በአብዛኛው ግን ለአፕል ፈረዱ፤ ኤፒክም ውል አፍርሶ በራሱ መንገድ ከሰበሰበው ላይ 30 በመቶውን እንዲከፍል ወሰኑ። ኤፒክ ለጠበቃ የሚከፍለው አለው፤ አንተ ለባጃጅም የለህም።

6. የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲመጣ አትደንግጥ፤ አትፈርምም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ድርጅት «ዶንኪ ኮንግ ከኪንግ ኮንግ የተሰረቀ ነው» ብሎ ኒንቴንዶን ከሰሰ። የኒንቴንዶ ሸሪክ የነበረው ኮሌኮ ከመከሰስ ብሎ ከሽያጩ 3 በመቶ ሊከፍል ተስማማ። ኒንቴንዶ እምቢ አለ። ጠበቃው ጆን ከርቢ የድሮ መዝገብ አገላብጦ፣ ዩኒቨርሳል ራሱ ከዓመታት በፊት በሌላ ክስ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ተከራክሮ እንደነበር አወጣ። ኒንቴንዶ ረታ፤ ለጠበቃውም ዶንኪ ኮንግ የሚል ስም ያላት ጀልባ ሸለመው። መዝገብ ቤት አቧራ የሚጠጣ ወረቀት ማንን እንደሚያድን አይታወቅም።

7. ሦስት ሆናችሁ በአንድ ሰው ንግድ ፈቃድ አትሥሩ።

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውንም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እናንተ ሦስት ናችሁና ማኅበር አቋቁሙ፤ ዕዳ ቢመጣ ማኅበሩ ይጠየቅ እንጂ የአባትህ በሬ እንዳይነዳ። የጌሙን ስም ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ዘንድ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡት። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሻደይ የሚለውን ባዶ ቃል ግን አታስመዝግቡ፤ ዋግ ሁሉ ይጣላችኋል፤ እኔም አልቀርላችሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ጓደኞችህን ይዘህ ና። የውላችሁን ረቂቅ በታይፕ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ። ለምስክርነት መምሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን እናንተ ይዛችሁ ኑ፣ ጌሙ ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው ይሁን።