በወረርሽኝ ወቅት ጎርፍ ወደ ምድር ቤት ሲገባ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ወረርሽኝ በሚኖርበት ጊዜም ክረምቱ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከመንገድ ዝቅ ብለው የተሠሩ ቤቶችና ምድር ቤቶች በጎርፍ ሊጥለቀለቁ ይችላሉ። ንብረት ለማትረፍ የሚደረግ ጥድፊያ ሕይወትን ሊያሳጣ ስለሚችል የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ።

1. ኤሌክትሪክ፦ ኃይል መቋረጡን ሳያረጋግጡ ውሃ ወደ ገባበት ክፍል አይግቡ። ማጥፊያው ያለበት ስፍራ ደረቅ ከሆነ ያጥፉት። ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያሳውቁ።

2. ሰው፦ በምድር ቤቱ ራሱን ለይቶ የተቀመጠ ሕመምተኛ ካለ በቅድሚያ ወደ ሌላ ለብቻው ወደሚሆንበት ክፍል ያዛውሩ፤ ሕመምተኛውም አጋዡም ጭምብል ያድርጉ። ለሥራው ጥቂት ሰው ብቻ ይሰማራ። አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ጎረቤት አይሳተፉ። የረጠበ ጭምብል በደረቅ ይቀየር።

3. አየር፦ በሮችንና መስኮቶችን ይክፈቱ። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ በደጅ ይቀመጥ። ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አያቀጣጥሉ። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው፤ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል አያግደውም።

4. ውሃውን ማውጣት፦ የውጭው ጎርፍ ከጎደለ በኋላ ይጀምሩ። ክፍሉ በጥልቅ ውሃ ከተሞላ በቀን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያውጡ፤ በአንድ ጊዜ ከተመጠጠ የራሰው አፈር ግድግዳውን ገፍቶ ሊያፈርሰው ይችላል።

5. ጽዳት፦ የጎርፍ ውሃ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ያድርጉ። በረኪና በጭቃ ላይ ኃይሉን ስለሚያጣ አስቀድመው በሳሙናና በውሃ ይጠቡ። ከዚያም 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡ፤ 10 ደቂቃ ቆይተው ያለቅልቁ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ሻጋታ እንዳይፈጠር ዕቃዎች ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረቁ።

6. ውሃና ምግብ፦ ጎርፍ የነካውን ምግብ ያስወግዱ። የመጠጥ ውሃ አፍልተው ይጠቀሙ።

ከጽዳቱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየብዎ በ8335 ወይም በ952 ይደውሉ። ተቅማጥ ከያዘዎ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።