ለማዳይቱን ጥንቸል ከቤት ወደ ውጭ ስለ ማውጣት

በሀገራችን ጥንቸል የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ እንስሳት ሲነገር ይሰማል። አንደኛይቱ በሜዳ ስትሮጥ የምናያት የዱር ጥንቸል ናት። ሁለተኛይቱ ጥንተ ሀገርዋ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር የሆነ፥ ዛሬ በብዙ ሀገር በቤት የምትረባው ለማዳይቱ ናት። ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው እጅግ ይራራቃል። የዱሪቱ ልጆችዋን ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸው ተገልጦ በሜዳ ላይ ትወልዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ለብቻዋ ትኖራለች። ለማዳይቱ ግን ልጆችዋን ዕራቁታቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ትወልዳለች፤ ዘርዋም በጉድጓድ ውስጥ በብዙ ሆኖ ተጠጋግቶ ይኖር የነበረ ነው። እንግዲህ «ጥንቸል የሜዳ እንስሳ ናት» በማለት በቤት ውስጥ ያደገችውን ለብቻዋ ወደ ግቢ አውጥቶ መተው ከስም መመሳሰል የሚመጣ ስሕተት ነው፤ ዋጋውንም በሕይወትዋ የምትከፍለው እንስሳይቱ ናት።

ይህ ጉዳይ በናይሮቢ ከተማ፥ በሩንዳ መንደር ለሚኖሩ ሰዎች በተለይ ይጠቅማል። ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ፥ ዛሬ ግቢው ሰፊና ዛፉ ብዙ የሆነ፥ የልዩ ልዩ ሀገር መልእክተኞችም የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ልጆች በክፍል ያሳደጓት ጥንቸል ስታድግና ቤት ሲጠባት ሰፊው ግቢ ለእርስዋ የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን የካሩራ ደን ቅርብ ስለሆነ ሸለመጥማጥና ሌላም የሌሊት አዳኝ ወደ ግቢዎች ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በተራ መፈጸም ይገባል።

1ኛ/ ባልንጀራ። ጥንቸሊቱ ከመውጣትዋ በፊት ባልንጀራ ታግኝ። ከሁሉ የሚስማሙት አንድ የተኰላሸ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ወንዱ ከተኰላሸ በኋላ እንኳ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ስለሚችል ያን ያህል ጊዜ ተለይቶ ይቈይ። የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ እናቲቱም በወለደች ዕለት እንደ ገና ልትፀንስ ትችላለች። ይህን ቸል ያለ ሰው ሁለት ጥንቸል አውጥቶ ከጥቂት ወራት በኋላ የማይመግበው መንጋ ያገኛል። የሴቲቱንም ማኅፀን በሐኪም ማስወጣት፥ ዕድሜዋ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ከሚገድላት የማኅፀን ነቀርሳ ያድናታል።

ሁለቱን በአንድ ቀን ማዳበል አይገባም። በመጀመሪያ በወንፊት ሽቦ ተለያይተው ጎን ለጎን ይኑሩ፤ ሽታቸውን እንዲላመዱ ጉዝጓዛቸው ይለዋወጥ። ከዚያም አንዳቸውም ባልኖሩበት ስፍራ ሰው እየጠበቃቸው ለጥቂት ደቂቃ ይገናኙ። ጥቂት መባረር የተለመደ ነው፤ ቢናከሱ ግን ወዲያው ይለዩ። ጎን ለጎን ተኝተው ሲላላሱ ከታየ ወዳጅነታቸው ጸንቷል ማለት ነው። ይህ ብዙ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

2ኛ/ ጊዜ። በቤት ሙቀት የኖረች ጥንቸል ጠጉርዋ ለብርድ አልተዘጋጀም። በናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ፥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደመናና ብርድ፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትንሹ ዝናብ ነው። ስለዚህ ለመውጫ የሚመቹት ጥርና የካቲት፥ አለዚያም መስከረም ናቸው። መጀመሪያ በቀን ለአንድ ሰዓት፥ ቀስ በቀስም ሙሉ ቀን ውጭ ውላ፥ በመጨረሻ ሌሊቱን ታድራለች። በአዲስ አበባ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርቱ ብርድ ስላለው ከየካቲት በኋላ መጀመር ይሻላል።

3ኛ/ ማደሪያ። በእንግሊዝ ሀገር የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር ርዝመት፥ 2 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ቁመት ያለው ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። የዶሮ ሽቦ ውሻ ስለሚበጥሰው ጠንካራ የተበየደ ወንፊት ይሁን፤ ጥንቸል ቈፋሪ ስለሆነችም ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበር። ከላይም ለጭልፊት ይከደን።

የሌሊቱ ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ይቁም። በናይሮቢ በስዋሂሊ «ሲያፉ» የሚባለው ገብረ ጉንዳን በተለይ በዝናብ ወራት በሠራዊት ስለሚጓዝ፥ ማምለጫ የሌላትን እንስሳ ይገድላል። እያንዳንዱ እግር ውሃና ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁም፤ ሲመሽ መወጣጫው ይነሣ፤ ቤቱን የሚነካ ሣርና ቅርንጫፍም ይቈረጥ። ጥንቸል በላብ ሙቀትን ማስወጣት ስለማትችል ቀኑን ሙሉ ጥላ ያስፈልጋታል።

4ኛ/ መኖ። ዋናው ምግብዋ ደረቅ ሣር ነው፤ በኬንያም በኢትዮጵያም የታወቀው የሮድስ ሣር መልካም ነው። እርጥቡ ሣር በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር እንጂ በድንገት አይብዛ። በአጥር ላይ የሚበቅለው የወፍ ቆሎና የአቮካዶ ቅጠል መርዝ ስለሆኑ ከአጠገብዋ ይወገዱ።

5ኛ/ ጥበቃ። ጧትና ማታ ሁለቱንም መመልከት ግዴታ ነው። ጅራትዋ ሥር ቈሻሻ ያለባት ጥንቸል ዝንብ እንቁላሉን ይጥልባታል፤ ትሉም በአንድ ቀን ውስጥ ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ግማሽ ቀን ያህል ምግብ ያልቀመሰች ጥንቸል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ትወሰድ።

በኬንያ ምዕራፍ 360 የተባለው ሕግ እንስሳን ማሠቃየትን ይከለክላል። ባልንጀራ የሚፈልግም ሰው አሳዳሪ ያጡ እንስሳትን የሚቀበለውን የኬንያ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርን መጠየቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ማድረግ ይገባል፤ አስቀድሞ ባልንጀራ፥ ቀጥሎ ማደሪያ፥ በመጨረሻ መውጣት ነው። ይህን ለመፈጸም አቅም ወይም ጊዜ የሌለው ሰው ጥንቸሊቱን በቤት ማኖር ይሻለዋል።